አባ እንድሪስ የሠሩት ሽንት ቤት

የማህተም ቀለም በሸተተኝ ቁጥር እጄን ከኋላዬ እደብቃለሁ። ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ጸሐፊዋ ማህተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቴ ላይ ስታሳርፈው፣ ሁለቱ እጆቼ ሳላዛቸው ጀርባዬ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ አይታኝ «ወረቀትሽን አትቀበይም እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። እኔ ማፈር አይከብደኝም።

ባለፈው ሳምንት መርሳ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ የድሮውን ሽንት ቤት በአዲስ ልታስቀይር ከወልድያ አንድ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ አስመጥታለች። ልጁ የውኃ ማጠራቀሚያውን ክዳን አንስቶ እጁን ከተተና ከሥር አንድ ክብ ጥቁር ጎማ ነቅሎ አወጣ። አገላብጦ አየው።

«የባጃጅ ጎማ ነው እኮ፣ የውስጡ! በመቀስ ነው የተቆረጠው። ግን ክቡን እዩት፣ በማሽን የወጣ ነው የሚመስለው። ማነው የሠራው?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ እንጃ» አለች። «ስንገዛውም እንደዚሁ ነበር።»

መቀሱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ያን ዓመት ሰባተኛ ክፍል ልገባ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን አልተከፈተም። ጦርነቱ መርሳ የደረሰው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ውርጌሳ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ደሴ። እኛ ቀረን። አያቴ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረች፤ አባቴ «እናቴን ለማን ትቼ?» ብሎ ተቀመጠ። ታጣቂዎቹ ከተማውን ሲይዙ መብራትም ውኃም በአንድ ቀን ጠፋ።

አባቴ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ታጣቂዎቹ የቀበሌ ሰው ይፈልጋሉ ተባለና፣ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ «ማንጎ ነጋዴ ነው» ይል ጀመር። እኔም እንዲያ እንድል ተነገረኝ። ለእኔ ቀላል ነበር፤ ለማንም ምንም አልልም። ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኝ ስለነበር፣ ለተጠየቅሁት ሁሉ አንገቴን ሰበር አድርጌ «አዎ» እላለሁ። በላሽ? ሰበር። ገባሽ? ሰበር። ሳልበላም፣ ሳይገባኝም።

ማህተሙን አባቴ የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀለሙን ግን አውቃለሁ። ከመዳፍ የማትበልጥ ጠርሙስ ናት። በጨርቅ ጠቅልሎ ከማሽላው ጆንያ ሥር ሲሸሽጋት በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ።

«ይኸ ደግሞ ምን ያደርግልሃል? ድፋው!» ትለዋለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ፈርሜ የወሰድኩት ነው። ነገ አገር ሰላም ሲሆን አምጣ ቢሉኝስ?»

እኔ ከዚህ የተረዳሁት አባቴ የመንግሥት ቀለም መስረቁን ነው። ሦስት ቀን ፊቱን ማየት አፈርኩ።

ሽንት ቤቱ የአባቴ ኩራት ነበር። በሰፈራችን ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ያለው፣ ያውም ተቀምጠው ውኃ የሚለቁበት፣ እኛ ጋ ብቻ ነው። ለአያቴ ብሎ ነው ያሠራው። ውኃው የሚመጣው ግቢያችን ውስጥ ብረት ማማ ላይ ከተቀመጠው ጥቁር ሮቶ ነው። ከተማው ከመያዙ በፊት ሮቶው ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበርና እናቴ «ይኼ ካለ አንሞትም» ብላ ነበር። በሳምንቱ ግን አባቴ ሮቶውን በጣቱ ሲያንኳኳው ከላይ ያለው ድምፅ ባዶ ሆነ። የውኃውን ልክ በጠመኔ አሰመረበት። በማግስቱ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወርዷል። ሌላ መስመር አሰመረ። የሮቶው ሆድ እንደ ደብተር ተሰመረ፤ ውኃው ግን መውረዱን አልተወም።

የሚያፈሰው ሽንት ቤቱ ነበር። ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም፤ ሊፈላ ጥቂት የቀረው ማሰሮ ይመስል ሽሽሽ ይላል። ማጠራቀሚያው ውኃ ስለማይዝ ሮቶው ሁልጊዜ ይሞላዋል፤ እሱ ሁልጊዜ ያፈሳል። የሮቶው መዝጊያ ደግሞ ዝጎ አልዞርም አለ። አባቴ ቢታገለው ቢታገለው መዳፉ ተላጠ እንጂ አልነቃነቀውም። እስክርቢቶ እንጂ ፒንሳ የያዘ እጅ አልነበረም።

ባለን ዕቃ ሁሉ ቀድተን አስቀመጥን፤ እሱም አለቀ፤ ሮቶው ላይም የቀረው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ የጎደለው ሁሉ በጀሪካን ከወንዝ ይመጣ ጀመር፤ የምታመጣውም እህቴ ሰአዳ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ወንዝ ከመውረዷ በፊት እናቴ ፊቷን ጥላሸት ትቀባታለች፤ የአያቴን ሰፊ ቀሚስ ታለብሳታለች፤ ጸጉሯን በአሮጌ ጨርቅ ጠፍራ ታስርና «አጎንብሰሽ ሂጂ፤ እንደምታነክሺ ሁኚ» ትላታለች። እኔ ሳቅሁባት። «አሮጊት! አሮጊት!» እያልኩ እስከ በሩ ሸኘኋት። ያን ሰሞን ያወጣሁት ትልቁ ድምፅ እሱ ነበር። ሰአዳ አልሳቀችም። እናቴ የምትፈራው የወንዙን ጂን መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ጀሪካን ውኃ ማለት ሰአዳ አንዴ ወንዝ ወረደች ማለት ነበር። ይህን ያህሉ እኔም ገብቶኛል።

አንድ ቀን አባቴ እህል ፍለጋ በእግሩ ወደ ግራና ከተማ ሄደ። ሰው ግቢያችን እንዳይገባ ብሎ ሠራተኛ መጥራት ከልክሎ ነበር። እናቴ ግን እሱ ርቆ እስኪሄድ ጠበቀችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ሐያት፣ ድልድዩን ተሻገሪና አባ እንድሪስን ጥሪልኝ። ‹እናቴ ተቸግራለች› በይ። ትያለሽ?»

አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

አባ እንድሪስ በመርሳ ቧንቧ የገባበትን ቤት ሁሉ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለቅሬው እድር ዳኛ፣ ለተጣላ አስታራቂም ነበሩ። ቤታቸው ስደርስ ባለቤታቸው እትየ ፋጡማ በር ላይ የዘይቱን ፍሬ ትመርጣለች። ከአፌ ምንም አልወጣም። እሳቸው ከውስጥ አይተውኝ ሳቁ።

«የጸሐፊው ልጅ አይደለችም? ይቺ እኮ ካልነኳት የማታፈስ ቧንቧ ናት! በይ፣ ምን ፈሰሰ?»

በእጄ ሽንት ቤት መልቀቂያ ስስብ አሳየኋቸው። ገባቸው። ፒንሳና ካቻቢቴያቸውን ፌስታል ውስጥ ከተው ከላይ ዘይቱን ሞሉበት፤ ድልድዩ ላይ ገመድ ወጥረው የሚፈትሹት ታጣቂዎች ብረት ካዩ አያሳልፉም። ስናልፍ አንዱ ታጣቂ አንድ ዘይቱን አንስቶ ገመጠና በእጁ ሂዱ አለን።

ቤት ገብተው ክዳኑን አነሱ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከኪሳቸው ክር አወጡና ከላይ የሚንሳፈፈውን ኳስ ወደ ላይ ሳብ አድርገው አሰሩት። ወዲያው ሽሽታው ቆመ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በክር ብቻ?»

«በክር ብቻ። ባልሽ ይህን ቢያውቅ ግማሹ ውኃ በዳነ ነበር።»

«እንግዲያው ይበቃል፤ አላህ ይስጥዎት!»

«የለም የለም። የታሰረ ነገር የተሠራ አይደለም። ይኸ ክር ነገ ይበጠሳል። ኳሱ ሮቶውን አስቆመው እንጂ የፈሰሰበት ቀዳዳ እንዳለ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ቀዳዳውን በዓይኔ ሳላይ አልነካም። ድሮ ቀይ ሥር ቀቅዬ ውኃውን አቀላው ነበር፤ ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ ሌባው የታችኛው ጎማ ነው ማለት ነው። አሁን ቀይ ሥር ከየት ይመጣል? ቀለም የሚሆን ነገር የለሽም?»

እናቴ ያን ጊዜ አያቴ ጠርታት ሄዳለች። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ቀለም አልኩ በልቤ። የተሰረቀው ቀለም ለቁም ነገር ቢውል የአባቴ ኃጢአት የሚቀል መሰለኝ። ሮጬ ጆንያውን ገፋሁና ጠርሙሷን አመጣሁላቸው።

አባ እንድሪስ ጠርሙሷን ተቀብለው ክዳኗን ከፈቱ። ያ ሽታ ወጣ። ፈገግታቸው ቆመ።

«አባትሽ ያውቃል?»

ለማስረዳት ብዙ ቃል ያስፈልግ ነበር። አንገቴን ሰበር ማድረግ ግን ምንም አይጠይቅም። ሰበር አደረግሁ።

ትንሽ አዩኝና ከጠርሙሷ ጠብ ጠብ አደረጉ። ውኃው ሐምራዊ ሆነ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ታችኛውን ሳህን አየን። አንድ ቀጭን ሐምራዊ ክር በነጩ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎ ሁለተኛ። «ያውልሽ ሌባው!» አሉ። እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም ነበር። በትምህርት ቤት መልስ ያገኘሁ ያህል እኔም ሳቅሁ።

ጎማውን ለመቀየር ማጠራቀሚያው ባዶ መሆን አለበት። ማናችንም ብንሆን መልቀቂያውን ስበን ሐምራዊውን ውኃ እንደፋው ነበር። አባ እንድሪስ ግን ባልዲ አስመጡና በኩባያ ይቀዱ ጀመር።

«ይኸን ብደፋው እህትሽ ናት በጀርባዋ የምትተካው። እጄ ይነከር እንጂ።»

የቀረውን ውኃ፣ ሁለቱን ክንዳቸውን ከትተው በጨርቅ እየጨመቁ አወጡት። አሮጌውን ጎማ ነቀሉ፤ ከኪሳቸው የባጃጅ ጎማ ቁራጭ አወጡ፤ እኔ መቀስ አቀበልኩ፤ አሮጌውን ከላይ አስተኝተው ዙሪያውን ቆረጡ። ገጠሙት። ከዚያ የባልዲውን ውኃ አንድ ጠብታ ሳይቀር መለሱት። ሐምራዊው ከላይ ቆመ። ሳህኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ፒንሳውን መስኮቱ ላይ አኑረው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በቃ፣ አሁን ሰአዳ ትረፍ።»

አባቴ ከአስር ሶላት በኋላ ከግራና ሲመለስ አባ እንድሪስ ደጃፍ ላይ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። እስከ ክርን ድረስ ሐምራዊ ናቸው። ጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል።

«ልጅህ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ አደረገችኝ!» አሉት እጃቸውን እያሳዩ። «ሂናው ትንሽ ጠቆረ እንጂ።»

አባቴ አልሳቀም። የተሸከመውን አቁማዳ መሬት ላይ ለቀቀው። ወደ እኔ አየ። ሁሉ ነገር ያኔ ገባኝ ብል ውሸት ነው፤ የገባኝ ልገረፍ መሆኑ ብቻ ነው። አልገረፈኝም። አመድ አመጣ፣ ሎሚ ቆረጠ፣ ኦሞ በተነ። የአባ እንድሪስን እጅ በጉልበቱ መሀል ይዞ ቆዳቸው እስኪቀላ ፈተገ። ሐምራዊው ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም።

«እዚሁ ይደሩ፣ አባ።»

«ፋጡማስ? ከመግሪብ በፊት ካልገባሁ እኮ ፈልጋኝ ትወጣለች። ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት?»

«በሐቅ ልለምንዎት።»

«ጠዋት ያሳለፉኝ ልጆች ናቸው፤ ዘይቱን ይሰጠኛል ብለው ይጠብቁኛል። እጄን በኩታዬ አጣፋዋለሁ።» አባቴ የትከሻቸውን ኩታ አስተካከለላቸው፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ራሱ ሸፈነ። ወጡ።

ፒንሳውን መስኮቱ ላይ ረስተውታል። ያጠፋሁት ጥፋት ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ፒንሳውን ባደርስላቸው የሚካስ መሰለኝ። ከሻርፔ ሥር ደብቄ ማንም ሳያየኝ ሮጥኩ።

ስደርስባቸው ገመዱ ጋ ቆመው ነበር። የጠዋቶቹ ልጆች የሉም፤ ሌሎች ተተክተዋል። አንዱ ኩታቸውን በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጠ።

«እጅህን አውጣ፣ አንተ።»

አባ እንድሪስን አንተ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሁሉ ነገር ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ታጣቂው ጣታቸውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።

«የማህተም ቀለም ነው። ማህተሙ የት አለ?»

«ማህተም የለኝም ልጄ። ቧንቧ ሠሪ ነኝ። ሽንት ቤት በየት እንደሚያፈስ ለማወቅ ውኃው ውስጥ ቀለም እንጨምራለን።»

ሁለተኛው ሳቀ። «ሰማህ? ሽንት ቤቱን ማህተም መታሁት ነው የሚልህ!»

«የማን ሽንት ቤት?» አለ የመጀመሪያው። አልሳቀም።

አባ እንድሪስ «የራሴ» አሉ።

«ቀለሙንስ?»

«ወድቆ አገኘሁት።»

ታጣቂው ያን ጊዜ አየኝ። «ይቺስ?»

«አላውቃትም። የመንገድ ልጅ ናት።»

«አንቺ፣ ታውቂዋለሽ?»

ለማንም ሁልጊዜ ሰበር የሚለው አንገቴ ያን ቀን ግራና ቀኝ ሄደ። ፒንሳው ሆዴን እየወጋኝ ነበር። አባ እንድሪስን በድልድዩ ማዶ ወደ አስፋልቱ ወሰዷቸው። ዞረው አላዩኝም። ቤታችንን ላለመጠቆም እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ የተቀየሙኝ ነበር የመሰለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። «ያዟቸው?» አለኝ። ሰበር አደረግሁ። ያን ቀን ያልዋሸሁበት ብቸኛው ጊዜ ነው።

አባቴ የቀረውን ቀለም ከነጠርሙሱ ቀበረው። ሽንት ቤቱ ገባና ክሩን በጥሶ መልቀቂያውን ሳበ። ሐምራዊው ውኃ በሳህኑ ተሽከርክሮ ወረደ። ማጠራቀሚያው ሲሞላ አሁንም ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ደግሞ ሳበ። ደግሞ። ቢመጡና ቢፈትሹ አንድም ምልክት እንዳይኖር፣ ሮቶው ውስጥ የቀረውን ውኃ በሙሉ ለቀቀው። ሮቶው ሲያልቅ የሰአዳን ጀሪካኖች ደፋ። እናቴ በልብስ ብሩሽ ሳህኑን ትፈትጋለች፤ ሰአዳ ባልዲውን ታጥባለች። አባ እንድሪስ እጃቸውን ነክረው ያዳኑልንን ውኃ፣ እሳቸው ቤታችን እንዳልመጡ ለማድረግ ጨረስነው። ሽንት ቤቱ በደንብ ይሠራ ነበር። አንድ ጠብታ አያፈስም።

በማግስቱ ጠዋት ሰአዳ ጥላሸቷን ተቀብታ ሦስት ጊዜ ወንዝ ወረደች። በሦስተኛው ስትመለስ እትየ ፋጡማ በራችን ላይ ቆማለች።

«ትናንት እናንተ ጋ ነበሩ። የት ነው የማገኛቸው?»

«አስር ሳይደርስ ወጥተዋል» አለ አባቴ። ዓይኑን የአያቴ አልጋ ላይ ነበር የተከለው።

«ምን ብለው ወጡ?»

«ወደ ቤት ብለው።»

እትየ ፋጡማ ወደ እኔ ዞረች። «ሐያትየ፣ አንቺስ አላየሻቸውም?»

አንገቴ ያን ቀንም ግራና ቀኝ ሄደ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል።

ታጣቂዎቹ የሄዱት ማሽላው ታጭዶ ሳያልቅ ነው። የቅሬው ሰዎች ዳገቱንም ወንዙንም ፈለጉ፤ አባቴም አብሮ ፈለገ። አልተገኙም። ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ ተሰገደላቸው። አባቴ የፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበር። ቀበሌው ሲከፈት በጦርነት የጠፋ ንብረት የሚሞላበት ቅጽ መጣ። አባቴ መስኮት ሥር ተቀምጦ ባማረ ጽሕፈቱ ሲሞላው በትከሻው ላይ አየሁ። «የማህተም ቀለም፣ አንድ ጠርሙስ።» ሰው የሚጻፍበት መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ ወጣቱ ቧንቧ ሠራተኛ ጎማውን ይዞ ቆሟል። እናቴ «እኔ እንጃ» ብላለች። ልጁ ጎማውን ወደ ቆሻሻ ክምር ሊወረውር እጁን አነሳ።

«አባ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ናቸው የሠሩት» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። እናቴ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እጅ አላቸው እባክሽ!» አለ ልጁ። «ቀጥ ያለ ሥራ ነው። እኔ እንዲህ አልችልም፤ ሙያቸውን ባይሸሽጉኝ ከእሳቸው እማር ነበር። የት ነው የማገኛቸው?»

ጎማውን ከእጁ ወሰድኩ። ጓዳ ገብቼ ከድሮ የትምህርት ቤት ሳጥኔ ሥር ፒንሳውን አወጣሁ። ዝጓል፤ አባ እንድሪስ እጀታው ላይ የጠቀለሉት ጨርቅ እንዳለ ነው። እናቴ በር ላይ ደረሰችብኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ድልድዩን ልሻገር። እትየ ፋጡማ ጋ።»

«ሐያት፣ አባትሽ እኮ ሞቷል። አሁን ለማን ይጠቅማል?»

ወጣሁ። ጎማውን በአንዱ እጄ፣ ፒንሳውን በሌላው ይዣለሁ። ሻርፔ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እጆቼን አልሸፈንኩበትም።